«ጌት ኦቨር አድርጊው» ያልናት ልጅ

ነገሩ የተጀመረው አዳማ ውስጥ፣ ፖስታ ቤት አካባቢ፣ ማኪያቶ ላይ ነው። አራት ነበርን። ሦስታችን እንደ ልማዳችን እየተሳሳቅን፣ አራተኛዋ የቀዘቀዘ ሻይዋን በማንኪያ እያማሰለች። ታናሽ ወንድሟ ሞቶ አርባው ከወጣ ገና ሁለት ሳምንቱ ነበር። መጀመሪያ ዝም አልናት። ቀጥለን «አሁንማ ተጫወቺ እንጂ» አልናት። ፈገግ አለች፤ አልተጫወተችም። ያኔ ነው ከመሃላችን አንዷ (የትኛዋ እንደሆነች አንናገርም፤ ሌሎቻችንም ራሳችንን ስለነቀነቅን ጥፋቱ የጋራ ነው) «የኔ ቆንጆ፣ በቃ ጌት ኦቨር አድርጊው! ላይፍ ነው!» ያለቻት።

ልጅቷ ከሻይዋ ቀና ብላ አንድ በአንድ አየችን። ምንም አልመለሰችም። የሻይዋን ሂሳብ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ባጃጅ ይዛ ሄደች። ከዚያ በኋላ ለአራት ወር ያህል ስልካችንን አላነሳችም።

እንግዲህ እኛ ጋዜጠኝነት ተምረን የወጣን፣ «ቃል መሣሪያችን ነው» እያልን የምንመጻደቅ ሰዎች ነን። ዜና ስንጽፍ «ሞተ» እንበል ወይስ «ሕይወቱ አለፈ» እያልን ግማሽ ሰዓት እንከራከራለን። ለጓደኛችን ሲሆን ግን ትርጉሙን በቅጡ ያልመረመርነውን የሰው ቃል ወረወርንባት። ጥፋታችን ሲገባን ቁጭ ብለን ቃሉን ራሱን መፈተሽ ጀመርን። ባለቤቶቹ ምን ሲሉበት ነው? እኛስ ምን ብለን ነው የምንለው? የምትጠጣ ቡና ካለቻችሁ ይዛችሁ ተቀመጡ፤ ነገሩ ትንሽ ይረዝማል።

ከእንግሊዝኛው እንጀምር። እንግሊዝኛ ሁለት ትንንሽ ቃላት አጋጥሞ፣ ቃላቱ ለየብቻቸው የማይሰጡትን ትርጉም የሚሰጥ ግስ መሥራት ይወዳል። ትምህርት ቤት «ፍሬዛል ቨርብ» እያሉ ያስጠኑን፣ ለማትሪክ ሸምድደን ከፈተናው በር ላይ የጣልናቸው ማለት ነው። «ጌት ኦቨር» ከነሱ አንዱ ነው። መጀመሪያ የሚሰጠው ሥዕል አጥር ወይም ግድግዳ ላይ ወጥቶ ማዶ መውረድ ነው። ከግድግዳ ወደ ችግር፣ ከችግር ወደ በሽታ ተሻገረ። ዛሬ ፈረንጁ ጉንፋን ይዞት ሲተወው «ጉንፋኑን ጌት ኦቨር አደረግሁት» ይላል። ድንጋጤን፣ የፍቅር መለያየትን፣ የወላጅ ሞትንም እንዲሁ። «የአባቱን ሞት ጌት ኦቨር ለማድረግ ሁለት ዓመት ፈጀበት» ሲባል ቃሉ ላይ ምንም ክፋት የለበትም። እንዲያውም ርኅራኄ አለው፤ ሁለት ዓመት ሊፈጅ እንደሚችል አምኖ ነው የተነገረው።

አቀማመጡም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የሚሻገሩት ነገር ሁልጊዜ ከሁለቱ ቃላት ኋላ ነው የሚመጣው፤ «ጌት ኦቨር ኢት» እንደሚሉት። «ኢት»ን መሃል አስገብታችሁ «ጌት ኢት ኦቨር ዊዝ» ካላችሁ ነገሩ መዳን መሆኑ ይቀርና የማይወዱትን ሥራ ቶሎ ጨርሶ መገላገል ይሆናል፤ ጥርስ መነቀል፣ ፈተና መፈተን፣ ቀበሌ ተሰልፎ መታወቂያ ማሳደስ። «አይ ካንት ጌት ኦቨር ኢት» ደግሞ እንደ ተናጋሪው ፊት ወይ «ሐዘኑ አልወጣልኝም» ወይ «መገረሜን ማቆም አቃተኝ» ማለት ነው። ዘመዶችም አሉት። በጽኑ ታሞ ከሞት አፋፍ የተመለሰ «ፑል ስሩ» አደረገ ይባላል። ራሱን ስቶ የነቃ «ካም ራውንድ»፣ ወድቆ እንደ ኳስ የነጠረ «ባውንስ ባክ»። ይህን የመጨረሻውን የስፖርት ጋዜጠኞቻችን «አንሰራራ» ይሉታል። ጎበዝ ቃል ነው፤ በተከታታይ አምስት ጨዋታ ተሸንፎ ስድስተኛውን አቻ ለወጣ ቡድን ሁሉ ባይሰጡት ኖሮ።

ችግሩ ያለው ትእዛዙ ላይ ነው። «ጌት ኦቨር ኢት!» ተብሎ ፊት ለፊት ሲነገር በእንግሊዝኛም ቢሆን ስድብ ቀመስ ነው፤ «አታካብጂ፣ ተይው፣ ሰለቸን» እንደማለት። ሐዘንተኛ ፊት ይህን የሚናገር ፈረንጅ ቢኖር አገሩ ላይም ባለጌ ነው የሚባለው። እኛ ግን ቃሉን ከፊልምና ከፌስቡክ ላይ ስንለቅመው ርኅራኄውን እዚያው ትተን ግልምጫውን ብቻ ይዘን መጣን። እህቱ «ሙቭ ኦን»ም አብራው ገባች፤ እሷ እንዲያውም ከሱ ቀድማ ከተማውን ሞልታዋለች።

የእንግሊዝኛ ግስ አማርኛ ቤት ሲገባ «አድርግ» የምትል ጭራ ትቀጠልለታለች። ይህች ጭራ ቀላል እንዳትመስላችሁ። «ዳውንሎድ አድርጊ»፣ «ሴቭ አድርጊ»፣ «ዲሊት አድርጊ» ስንል ኖረን፣ በዚያው ሰልፍ ውስጥ «ወንድምሽን ጌት ኦቨር አድርጊ» ገባ። አንድ ቁልፍ ተጭነሽ፣ ትንሽ ጠብቀሽ፣ «ተጠናቋል» የሚል ጽሑፍ እንደሚመጣልሽ ሥራ።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። አማርኛ ተናጋሪ ሲታመም ማን ምን ያደርጋል? ልብ ብላችሁ ካያችሁት ታማሚው ምንም አያደርግም። «አመመኝ» ነው የሚለው፤ አድራጊው ሕመሙ፣ እሱ ተደራጊ። «ጉንፋን ያዘኝ» ሲል ያዡ ጉንፋኑ ነው። «ለቀቀኝ» ሲልም የለቀቀው ራሱ ጉንፋኑ ነው። «ተሻለኝ»፣ «ቀለለኝ»፣ «ወጣልኝ»፤ በሁሉም ውስጥ ሰውዬው የግሱ ጫፍ ላይ እንደ ትርፍ ተሳፋሪ ተለጥፎ ነው የሚገኘው። ፈረንጁ ጉንፋኑን አጥር አድርጎ ይዘለዋል፤ አበሻውን ጉንፋኑ ይይዘዋል፣ ሲበቃው ይለቀዋል። አፋን ኦሮሞም እዚህ ላይ ከእኛ ጋር ነው። አዳማ ገበያ «ና ዹኩባ» ስትል የምትሰሟት እናት «ያመኛል» ነው የምትለው፤ አድራጊዋ እሷ አይደለችም።

ስለዚህ ነው «ተሻለ» ለሚለው ግስ ትእዛዝ የማይወጣለት። ሞክሩት እስቲ። ከአፋችሁ የሚወጣው «ይሻልሽ» ብቻ ነው፤ እሱም ምኞት ነው። በሽተኛ ጠይቀን ስንወጣ «እግዜር ይማርሽ» እንላለን፣ «ምሕረቱን ያውርድልሽ» እንላለን፤ ጎረቤታችን «አላህ ያሽርሽ» ይላል። ለሐዘንተኛ «እግዚአብሔር ያጽናሽ»፣ «አላህ ሰብሩን ይስጥሽ»። ሁሉም ጉዳዩን ወደ ላይ ነው የሚልኩት። ለታማሚዋ የሚተርፋት የቤት ሥራ የለም። ሥራ ያለው ከጎን ለተቀመጠው ነው፤ አማርኛ «አስታማሚ» እና «አጽናኝ» የሚሉ ስሞች አውጥቶ ለሰው ኃላፊነት ሰጥቶበታል። እኛ ጓደኛችንን ያስታመምናት መስሎን ነበር። ለካ የቤት ሥራ ሰጥተናት ነው የተነሳነው።

ቃሎቻችን ደረጃም አላቸው። ቁስል መጀመሪያ «ይጠግጋል»፣ ቆይቶ «ይሽራል»። (ሹምን ከወንበሩ ማውረድም «መሻር» ነው። ቁስልና ባለሥልጣን በአንድ ቃል የሚሰናበቱበት ቋንቋ መናገራችን ሁልጊዜ ይገርመናል፤ ይህንን ጌት ኦቨር ማድረግ አልቻልንም።) ከአልጋ ተነስቶ በረንዳ ላይ ፀሐይ የሚሞቅ ሰው «እያገገመ ነው» ይባላል፤ ቃሉ ራሱ ቀስ ይላል፣ አይቸኩልም። ትልቁ «ዳነ» ነው። «መድኃኒት» ከዚያው ነው፣ «መድኃኔዓለም» ከዚያው ነው፣ ለመኪና የሚገባው «መድን» እንኳ ከዚያው ግንድ ነው። ለዚህም ይመስለናል አያቶቻችን «ዳንኩ» ለማለት የማይቸኩሉት፤ «ደኅና ነኝ፣ ተመስገን» ብለው ነው የሚያልፉት። ከእነዚህ ሁሉ ጎን ሁለት ቃላት ቆመዋል፤ «አገረሸ» እና «አመረቀዘ»። እነዚህን ሁለቱን ያዙልን።

«አገረሸ»ን ለማስረዳት ከስምጥ ሸለቆ የተሻለ ቦታ የለም። አዳማ፣ ወንጂ፣ መተሐራ፣ መቂ፣ ዝዋይ ያደገ ሰው ወባን የሚያውቀው እንደ ዘመድ ነው፤ በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ይመጣል፣ ሳይጠሩት ይገባል። ሐይቁ አለ፣ የወንጂ የሸንኮራ መስኖ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ ሰው ሠራሽ ሐይቅ አለ፤ ለወባ ትንኝ የሚያንሳት ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ በተነሳው የወባ ወረርሽኝ 150 ሺህ ያህል ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ከብዙ ዘመን ዘመቻ፣ አጎበርና ርጭት በኋላ በሽታው በእጅጉ ቀንሶ ነበር። ከዚያ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ2024 ከጃንዋሪ መጀመሪያ እስከ ኦክቶበር 20 ድረስ ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሕሙማንና 1,157 ሞት መመዝገቡን የዓለም ጤና ድርጅት ገልጿል። አገርም ያገረሽበታል ማለት ነው።

እዚህ አገር በብዛት የሚገኙት የወባ ተዋህስያን ሁለት ናቸው። ፋልሲፓረም የሚባለው ኃይለኛ ነው፤ በቶሎ ካልታከመ ይገድላል። ቫይቫክስ የሚባለው ግን ተንኮለኛ ነው። ከተዋህስያኑ የተወሰኑት ጉበት ውስጥ ገብተው ይተኛሉ። ጤና ጣቢያ የሚሰጠው የሦስት ቀን ክሎሮኪን ደም ውስጥ ያሉትን ይገድላል። ትኩሳቱ ይወርዳል፣ መንቀጥቀጡ ይቆማል፣ ሰውየው «ድኛለሁ» ብሎ ሥራ ይገባል። ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ፣ አዲስ ትንኝ ሳትነክሰው፣ ጉበቱ ውስጥ የተኛው ይነቃና እንደገና ያንቀጠቅጠዋል። ለዚያኛው መድኃኒቱ ሌላ ነው፤ ፕሪማኩዊን የሚባል፣ በተለመደው አሰጣጥ 14 ቀን የሚዋጥ፣ ለነፍሰ ጡርና አንዳንድ የደም ችግር ላለባቸው የማይሰጥ። አስቸጋሪነቱ ምኑ ላይ መሰላችሁ? ሰው የሚውጠው እየተሻለው ነው። ለማይሰማው ሕመም 14 ቀን ክኒን መዋጥ ማን ይወዳል? በአራተኛው ቀን መሳቢያ ውስጥ ይገባል። የምናውቃት አንዲት ልጅ ሦስት ጊዜ ተመላልሶባት በሦስቱም ጊዜ «ድኛለሁ» ብላናለች። ድነሻል ያላት ትኩሳቱ ነው፤ ጉበቷን የጠየቀው የለም።

ሐዘንም እንዲህ ነው ብለን ነው የምንከራከረው።

የለቅሶ ድንኳን ሦስት ቀን ይቆማል። እድርተኛው አግዳሚ ወንበሩን ያመጣል፣ ብረት ድስቱን ያመጣል፣ ንፍሮው ይቀቀላል፣ ሰው እየመጣ «ያጽናሽ» ይላል። በሦስተኛው ቀን ሠልስት ወጥቶ ድንኳኑ ይፈርሳል፤ ትኩሳቱ ወርዷል። የጥንት ሰዎች ግን እዚያ ላይ አላቆሙም። ሰባት አሉ፣ አርባ አሉ፣ ሰማንያ አሉ፣ መንፈቅ አሉ፣ ሙት ዓመት አሉ። ቤተ ክርስቲያን ይህ ለሟች ነፍስ የሚደረግ ጸሎት ነው ትላለች፤ ከሷ ጋር ክርክር የለንም። ነገር ግን ከሟች ቤት ሆኖ ላየው ሰው ልክ እንደ መድኃኒት ማዘዣ ወረቀት ነው፤ ይህንን በዚህ ቀን፣ ያንን በዚያ ቀን፣ እስከ ዓመት ሳታቋርጡ። ሐዘን የሚያገረሽ ነገር መሆኑን የሚያውቅ ሰው ያወጣው መርሐ ግብር።

እኛ ጓደኛችን ቤት በመጀመሪያው ቀን ሄድን፣ በሁለተኛው ቀን ሄድን፣ በሦስተኛው ቀን ወጥ ቤት ገብተን ሽንኩርት ከትፈን ምስጋና ተቀበልን። አርባውን «ኔትወርክ እምቢ ብሎ ነው» የሚል ሰበብ ልከን ቀረን። ከዚያ በኋላ ማኪያቶ ጋበዝናት። የሦስት ቀን ክሎሮኪን ነበርን ማለት ነው። ጎረቤታቸው ያሉ አንዲት እማማ ግን ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ሁልጊዜ ከሰዓት እየመጡ፣ ከእናትየው ጋር ቡና አፍልተው፣ ብዙም ሳይናገሩ ተቀምጠው፣ ሲመሽ ይሄዱ ነበር። ይህንን የሰማነው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። «ምን ይላሉ ታዲያ?» ብለን ጠይቀን ነበር። ምንም አይሉም። ይቀመጣሉ።

«ጌት ኦቨር»ን የሐዘኑን ትርጉም ብቻ ወስዳችሁ ወደ አማርኛ መልሱ ብንባል፣ «መርሳት» ብለን አንመልሰውም፤ «ማለፍ»ም አይሆንም። የሚቀርበው «እርም ማውጣት» ነው። እርሙን ያወጣ ሰው ሟቹን አልረሳውም። አልቅሶ፣ ተለቅሶለት፣ በሰው ፊት «ሄዷል» ብሎ ያመነ ሰው ነው። እርም ለብቻ አይወጣም። ከአዳማ ብዙ በማይርቅ ቦታ የሆነ ነገር ምስክር እንጥራ።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 በደቂቃዎች ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ የተሳፈሩት 157 ሰዎች በሙሉ አለቁ። አውሮፕላኑ መሬት ውስጥ ጠልቆ ስለገባ እንደ ወጉ የሚገነዝና የሚቀበር አካል አልነበረም። በሳምንቱ አዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ለኢትዮጵያውያኑ ሟቾች ሥርዓተ ቀብር ሲፈጸም ባንዲራ የለበሱት 17 ሣጥኖች ባዶ ነበሩ። ለቤተሰቦች አደጋው ከደረሰበት ቦታ አፈር ተሰጣቸው። በዘረመል ምርመራ የተለየው አስክሬን ለቤተሰብ የደረሰው ከወራት በኋላ ነው።

ባዶ ሣጥን ታቅፎ ማልቀስን አስቡት። ፈረንጅ ጋዜጠኞች በጣም ገርሟቸው ነበር። እዚህ አገር ላደገ ሰው ግን ብዙ አይገርምም፤ በሩቅ አገር ለሞተ፣ በባሕር ለቀረ ልጅ ፎቶው ተቀምጦ ይለቀሳል፤ እርሙ መውጣት አለበታ! እኛን ያስደነቀን ሌላው ነገር ነው። በአካባቢው ያሉ ገበሬዎችና ሚስቶቻቸው፣ ከ157ቱ አንዱንም የማያውቁ፣ መጥተው ደረታቸውን እየደቁ አለቀሱ። የሟቾች ቤተሰቦች ከኬንያ፣ ከካናዳ፣ ከሌላም አገር ሲደርሱ እዚያ እርሻ ዳር አብሯቸው የሚያለቅስ ሰው አገኙ። የእነዚያ ገበሬዎች ሥራ በእንግሊዝኛ ፍሬዛል ቨርብ ምን እንደሚባል ፈልገን አጥተናል።

ይህን ካልን በኋላ አማርኛን ቅዱስ አናድርጋት። እኛ ሴቶች ነን፤ የዚህን ባህል ሌላ ፊቱንም እናውቀዋለን። ባሏ የሞተባት ሴት ዓመት ሳይሞላ ጥቁሯን ካወለቀች «እንዴት ቶሎ ረሳችው!» የሚለው ያው «ያጽናሽ» ያላት አፍ ነው። በለቅሶ ቤት ድምፅዋ ያነሰ ልጅ ስሟ ይነሳል። ትእዛዝም ቢሆን ከእንግሊዝኛ ብቻ አልመጣብንም። «ቻይው»፣ «እንባ ምን ያደርግልሻል»፣ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» የሚሉት የማን ናቸው? እናቶቻችን «ቻይው» ይባሉበት የነበረውን ቦታ እኛ በ«ጌት ኦቨር አድርጊው» ተካነው፤ ልብሱን ቀየርንለት እንጂ ሰውየው ያው ነው።

ለቃሉም ፍትሕ እናድርግለት፤ አንዳንዴ ነፍስ ያወጣል። ከቤሩት የተመለሰች አንዲት ልጅ እናውቃለን። ከተመለሰች ጀምሮ ሠፈሩ በሙሉ ከንፈሩን እየመጠጠ «ምን አድርገውሽ ነው የመጣሽው?» ይላታል። በቡና ላይ ይጠይቋታል፣ በልደት ይጠይቋታል፣ በሠርግ ይጠይቋታል። አንድ ቀን እኛም ልንጠይቃት አፋችንን ስንከፍት «እሱን ጌት ኦቨር አድርጌዋለሁ፣ ሌላ ጨዋታ አምጡ» አለችን። እንዴት ያለ ጥሩ በር ነው! ዘጋችው፣ ቆለፈችው፣ ቁልፉን ኪሷ ከተተችው። በአማርኛ «ረሳሁት» ብትል ውሸት ይሆንባት ነበር፣ «ተሻለኝ» ብትል «እንዴት እንዴት?» ብለን እንቀጥል ነበር። ቃሉ ያው ነው፤ አድራጊዋ ግን ራሷ ነች። «አደረግሁ» እና «አድርጊ» መካከል ያለችው ልዩነት ሁለት ፊደል ብትመስልም የጓደኝነትን ያህል ሰፊ ነች። እኛ የደረስንበት አቋም እንግዲህ ይህ ነው፤ ቃሉን መናገር የሚገባው ያመመው ሰው ብቻ ነው። ሌሎቻችን ብንችል እንጠይቅ። አማርኛው ለጥያቄ የተመቸ ነው፤ «ተሻለሽ?» አንድ ቃል ነች፣ ኔትወርክ ባይኖርም ትደርሳለች።

«አመረቀዘ» ቀርቶብናል። ያመረቀዘ ቁስል ላዩ ጠግጎ ውስጡ መግል የያዘ ነው። ይህን ቃል ስናስብ ከሰው ይልቅ ከተማ ይመጣብናል። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በተነሳው ሁከት ሻሸመኔ ውስጥ ሰዎች ተገደሉ፣ ሱቆች፣ ሆቴሎችና መኖሪያ ቤቶች ነደዱ። የአትሌት ኃይሌ ገብረሥላሴ ሆቴሎች ሻሸመኔም ዝዋይም ላይ ወድመዋል። ዛሬ በዚያ መንገድ በሚኒባስ የሚያልፍ ሰው አዲስ መስታወት፣ አዲስ ቀለም፣ አዲስ ባጃጅ ያያል፤ «ከተማው አንሰራራ» ይላል። አልዋሸም፤ ሕንፃው አንሰራርቷል። ሱቁ የተቃጠለበት ሰውዬ ግን ያን ቀን በር ላይ ያያቸውን ልጆች ጠዋት ጠዋት «እንደምን አደራችሁ» እያለ ነው የሚውለው። እሱን «ተሻለህ?» ያለው ማን ነው? መድረክ ላይ የሚነገረውን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፤ «ያለፈው አልፏል፣ ወደፊት እንይ»። ተርጉሙት እስቲ ወደ እንግሊዝኛ።

(ከተሞች እንደ ሰው ናቸው ስንል የሚስቁብን አሉ። አዳማን ውሰዱ። ስሟ በይፋ ከናዝሬት ወደ አዳማ ከተመለሰ ከ20 ዓመት በላይ ሆኗል፤ አዲስ አበባ መናኸሪያ ሄዳችሁ ረዳቱ ምን እያለ እንደሚጣራ ስሙ። ስም እንኳ በትእዛዝ አይወጣም፣ በትእዛዝም አይገባም።)

ወደ ጓደኛችን እንመለስ። የወንድሟ መንፈቅ ሲደርስ ሳንደውል ሄድን። ስልክ እንደማታነሳ እናውቃለና። እናትየው በር ከፍተውልን አንዳችንንም ሳይወቅሱ «ግቡ፣ ግቡ» አሉን። ጎረቤታቸው እማማ እንደተለመደው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ልጅቷ ረከቦቱ ፊት ነበረች፤ አየችን፣ ተነስታ ሳመችን፣ ተመልሳ ተቀመጠች። ለረጅም ጊዜ ማንም ምንም አላለም። ከመሃላችን ያቺው አንዷ (አሁንም አንነግራችሁም) ይቅርታ ለመጠየቅ በልቧ ያጠናችው ንግግር ነበራት፤ ጠፋባት። አቦሉ ሊቀዳ ሲል ብቻ «ተሻለሽ?» አለቻት።

ልጅቷ ጀበናውን አዘንብላ ሲኒዎቹን አንድ በአንድ ሞላች።

«አልለቀቀኝም» አለች። ከዚያ የመጀመሪያውን ሲኒ ለእማማ አቀብላ ወደ እኛ ዞረች። «ደሞ በረካውን ሳትጠጡ እንዳትነሱ።»